ነጥቡን እመኑ፣ መስመሩን መርምሩ፦ ከመተማ እስከ ሾዋክ ያለ ኔትወርክ ስለሚሠራ ካርታ፣ እውነት ወይስ ተረት?

ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን ተሻግሮ፣ ገዳሪፍን አልፎ ሾዋክ የሚደርስ መንገደኛ ዛሬ ካርታው ኪሱ ውስጥ ነው። ስልኩ ቴክኖም ይሁን አይቴል የሁለት አገር ካርታ ይይዛል፤ ዳታ ሳይኖረው፣ ሲም ካርድ እንኳ ሳይገባበት ይሠራል። ስለዚህ ካርታ የሚወራው ግን ብዙ ነው። አንዱ «ኔትወርክ ከጠፋ ባዶ ነው» ይላል። ሌላው «ከከፈትከው ያለህበትን ቦታ የሚያዩ ሰዎች አሉ» ብሎ ያስፈራል። ሦስተኛው ደግሞ ስልኩን ብቻ አምኖ ሹፌርም ገበሬም ሳይጠይቅ ይነሣል። የመጀመሪያው ወሬ ጠቃሚ መሣሪያ ያስጥላል፤ የመጨረሻው ነፍስ ያስከፍላል።

ሾዋክ ገዳሪፍን ከካሰላ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን፣ በስደተኛው አፍ «ኮር»፣ ጽሕፈት ቤቱን እዚህ ከተከለ ዘመናት ስላለፉ ስሟን የማያውቅ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኛ ጥቂት ነው። በገዳሪፍና በካሰላ ግዛቶች ኡምራኩባ፣ ቱናይድባ፣ ኡምጋርጉር፣ ሸገራብ የሚባሉ መጠለያዎች አሉ። ከስደተኛው ሌላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሳሉግ አለ፣ ነጋዴው አለ፣ የሎሪ ሹፌሩ አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጉዞው አቅጣጫውን ለወጠ፤ ከካርቱም የሸሸ ሱዳናዊና እዚያ ኑሮ የመሠረተ ኢትዮጵያዊ በወድመደኒና በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። በፌብሩዋሪ 2024 የሱዳን የቴሌኮም አገልግሎት በብዙው አገር ሲቋረጥ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ስልክ ላይ የወረደ ካርታ ለብዙዎች የቀረ ብቸኛ ካርታ ሆነ። ስለዚህ እውነቱን ከተረቱ መለየት ያስፈልጋል።

«ኔትወርክ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም»

ተረት። ከሁሉም በላይ የተስፋፋውም ይኸው ነው።

ጂፒኤስ አሜሪካ ያመጠቀቻቸው፣ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያለማቋረጥ በሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫል። ስልኩ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው ይሰማል እንጂ አይናገርም። ቢያንስ አራት ሳተላይት ከሰማ፣ ምልክቶቹ እስኪደርሱ የፈጀባቸውን ጊዜ አነጻጽሮ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያሻም፣ ክፍያም የለውም። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱም አብረው ያዳምጣሉ። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ ላይ፣ የገዳሪፍ ሜዳ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ክፍት ሊሆን አይችልም፣ ስልክ ያለበትን በ5 ሜትር ገደማ ስህተት ይናገራል። አሜሪካ ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታዛባ የነበረው እስከ ሜይ 2000 ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ሁለት ምክንያት አለው። ኢንተርኔት ሲኖር ስልኩ ሳተላይቶቹ በዚያ ሰዓት የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ከመረቡ ስለሚያገኝ ነጥቡ በሴኮንዶች ይወጣል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ያንን መረጃ ከሳተላይቶቹ ራሳቸው ቀስ ብሎ መስማት አለበት። የአንዱን ሳተላይት ትክክለኛ መስመር ለመቀበል 30 ሴኮንድ ያለ መቆራረጥ ማዳመጥ ይፈልጋል፤ የሁሉም ሳተላይቶች አጠቃላይ ሰሌዳ ደግሞ ተሰምቶ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስልኩ ለሳምንታት ተዘግቶ ከከረመ፣ ወይም ሩቅ አገር ተዘግቶ እዚህ ከተከፈተ መዘግየቱ ይብሳል። ሰው አንድ ደቂቃ ይጠብቅና «አይሠራም» ብሎ ይዘጋዋል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ወይም በብረት በተሸፈነ ሎሪ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ በጣም ደካማ ስለሆነ ጭራሽ ላይገባ ይችላል። ከቤት ወጥቶ፣ ከመኪናም ወርዶ፣ ሰማይ ሥር ቆሞ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነጥቡና ካርታው መምታታታቸው ነው። ካርታ ያላወረደ ሰው መተግበሪያውን ሲከፍት ግራጫ ባዶ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ሰማያዊ ነጥብ ያያል። ነጥቧ ትክክል ናት፤ የጎደለው ካርታው ነው። መተማ ላይ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የኢትዮጵያን ካርታ ብቻ አውርዶ ይመጣና ድንበሩን ሲሻገር ካርታው ያልቅበታል። የሁለቱንም አገር ማውረድ ያስፈልጋል፤ ከመተማ ገዳሪፍ የሚወስደውን መንገድ መተግበሪያው ቀጥሎ እንዲያሰላ ሁለቱም ስልኩ ውስጥ መኖር አለባቸው።

ከመነሣት በፊት መፈተን ቀላል ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ሎኬሽን ክፈቱ፣ ግቢ ውጡና ሩብ ሰዓት ታገሡ። በአብዛኞቹ ስልኮች ነጥቡ ይወጣል። ካልወጣ ችግሩን ጎንደር ላይ ሆኖ ማወቅ ገላባት ላይ ከማወቅ ይሻላል።

ነጥቡም ቢሆን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፤ ይህን አለመናገር ሐሰት ይሆናል። ጦርነት ባለበት ቦታ ድሮን ለመከላከል ሲባል የሳተላይት ምልክት ይታወካል። በ2025 በቀይ ባሕር የሚጓዙ መርከቦች በዚህ ተቸግረዋል። ነጥቡ በድንገት ከቆማችሁበት ብዙ ኪሎ ሜትር ዘሎ ከሄደ፣ ወይም ሰማይ ሥር ለረጅም ጊዜ ቆማችሁ ጭራሽ ካልወጣ፣ በዚያ ሰዓት ካርታውን ዘግታችሁ በጎዳናውና በሰው ተመሩ።

«ጂፒኤስ ከከፈትኩ ያለሁበት ይታወቃል»

እንደሚባለው አይደለም፤ ግን ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። የጂፒኤስ መቀበያው አይናገርም ብያለሁ፤ ሳተላይቱ እናንተ መኖራችሁን አያውቅም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ የወረደ ካርታ የሚመለከት ሰው በዚያ ምክንያት ቦታው ለማንም አይተላለፍም። ቦታን የሚያሳውቀው ሌላ ነገር ነው። ሲም ካርድ ያለበት ስልክ ካርታ ባይከፈትበትም ከቴሌኮም ምሰሶ ጋር ስለሚነጋገር በየትኛው ምሰሶ ሥር እንዳለ ኩባንያው ያውቃል። ጂፒኤሱን ዘግቶ ሲሙን ክፍት የተወ ሰው ስለዚህ የፈራውን ነገር አልዘጋም። አንዳንድ መተግበሪያዎች ደግሞ የሄዳችሁበትን መዝግበው ያቆዩና ኢንተርኔት ሲገኝ ይልኩታል።

በእኔ እምነት በዚህ መንገድ ላይ ከሰማይ ይልቅ የሚያሳስበው ኬላው ነው። ስልክ በሚፈተሽበት ኬላ ላይ ካርታው ውስጥ ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች፣ የተፈለጉ ስሞች ዝርዝርና የተመዘገበ የጉዞ መስመር ሁሉ ይታያል። ንጹሕ ተጓዥ እንኳ በወታደር ሰፈር አጠገብ የሰካት ምልክት ልታስጠረጥረው ትችላለች። የጉዞ መዝጋቢውን ማጥፋት፣ የማያስፈልግ ምልክት መሰረዝ፣ በኬላና በድልድይ ላይ ስልክ አውጥቶ አለመቆም፣ ይህ ሁሉ ጂፒኤስን ከመፍራት የበለጠ ይጠቅማል።

«ካርታው ላይ መንገድ ካለ ይታለፋል»

ይህ ሰው የሚገድል ተረት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ማፕስ ሚ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መተግበሪያዎች ሁሉም ካርታቸውን የሚወስዱት ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው የጋራ ካርታ ነው። ይህ ካርታ በ2004 በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት የተጀመረ፣ ማንም ፈቃደኛ ሰው የሚሥልበትና የሚያርመው ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ኩባንያ ትርፍ አላገኝበትም ብሎ የተዋቸውን የገጠር መንደሮች በካርታ ላይ ያዋለው ይህ ሥራ ነው። ነገር ግን የምሥራቅ ሱዳንን የመሰለ አካባቢ መስመሮች ብዙዎቹ የተሣሉት ቦታውን ረግጦ በማያውቅ ሰው፣ ከሳተላይት ፎቶ ላይ ነው። ጥሩ የሳተላይት ፎቶ ደግሞ ደመና በሌለበት ወር የተነሣ ነው፤ ደመና የሌለበት ወር በዚህ አገር በጋ ነው። ስለዚህ በገዳሪፍ እርሻ መካከል የምታዩት ቀጭን መስመር የሚለው ነገር ቢኖር «አንድ በጋ እዚህ ላይ የጎማ ዱካ ታይቷል» ብቻ ነው።

የገዳሪፍ ሜዳ መረሬ አፈር ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ ሎሪም ትራክተርም በፈለገው በኩል ያቋርጠዋል። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ ጎማ እስከ አክሱሉ ይውጣል። በእግር የሚሄደውም በየእርምጃው ጭቃ እየተሸከመ ይደክማል። ከዚያም እርሻው ይታረሳል፣ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራበታል፣ ያለፈው በጋ ዱካ ከነጭራሹ ይጠፋል። ስልኩ ግን ያንን መስመር በበጋም በክረምትም አንድ አድርጎ ያሳያል፤ አልፎ ተርፎም «አቋራጭ» ብሎ ያቀርበዋል። ጥርጊያ የሌለበትን አቋራጭ ትቶ አስፋልቱን መያዝ፣ ቢረዝምም፣ ከሰኔ በኋላ የሚመረጥ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ወንዙ ከአፈሩም ይከፋል። አትባራ ከእኛ ደጋ የሚነሣ ነው፤ ከላይ ጓንግ ይባላል፣ አንገረብም ይቀላቀለዋል፣ ተከዜም ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ከሾዋክ በላይ ይገናኘዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በጁን 1861 ከሾዋክ ብዙ ወደ ታች በአትባራ ዳርቻ ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋና ኩሬ ብቻ ቀርቶት ሳለ አንድ ሌሊት የነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ ወርዱ 450 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ወንዝ ፊታቸው ይፈስ ነበር። እዚያ ሰማዩ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረም፤ ዝናቡ የጣለው በእኛ ተራሮች ላይ ነው። ካርታችሁ ላይ መልካ ተብሎ የተሠመረ መስመር ካያችሁ ይህን አስቡ። በላይኛው አገር የዘነበ ዝናብ በታችኛው አገር ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ስልኩ አያውቅም። ግድብ ካለ ደግሞ ግድቡ ውሃ መቼ እንደሚለቅ አያውቅም።

ግድቡን ካነሣን፣ ከሾዋክ በላይ በአትባራና በሰቲት ላይ የተሠሩት ሩሜላና ቡርዳና የሚባሉት ግድቦች በ2017 ተመረቁ። ከዚያ በፊት የእርሻ ማሳ፣ የመንደር መንገድና መልካ የነበረው ሰፊ መሬት ዛሬ ሐይቅ ነው፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ቦታ ሰፍሯል። ለዓመታት ያልታደሰ ካርታ የያዘ ስልክ በዚያ ሐይቅ መካከል መንገድ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ የእኛ አካባቢ ችግር ብቻ አይደለም። በ2012 መጨረሻ በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ፖሊስ የአፕልን ካርታ ተከትለው ወደ ሚልዱራ ከተማ ሲሄዱ በረሃ ውስጥ የቀሩ ሰዎችን ደጋግሞ ለማውጣት ተገዶ ነበር፤ ካርታው ከተማዋን ከትክክለኛ ቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ ፓርክ መካከል አስቀምጧት ነበር። እነዚያ ሰዎች ፖሊስ መጣላቸው። ከሾዋክ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ግን ፖሊስ ይመጣልኛል ብሎ የሚነሣ የለም። በካሰላ ግዛት ደግሞ ካለፉ ጦርነቶች የቀሩ ፈንጂዎች ያሉባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሰው የማይሄድበትን መስመር ስልክ ስላሳየ ብቻ መያዝ የማይገባው ለዚህም ነው።

ነገሩን ወደ አንድ ላምጣው። ስልኩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ነጥቡ ከሰማይ የተሰላ ነው፤ ከላይ ካልኩት መታወክ በቀር ሊታመን ይገባል። መስመሩ፣ ማለትም መንገዱ፣ ድንበሩ፣ የመንደሩ ስም፣ ሰው የሠራው ነው፤ ያረጃል፣ ይሳሳታል፣ በክረምት ይሰጥማል። ካርታው «እዚህ ነህ» ሲላችሁ እመኑት። «በዚህ ሂድ» ሲላችሁ ግን በመንገዱ ትናንት የመጣ ሹፌር ጠይቁ።

«ካርታው ላይ ያለው የድንበር መስመር ድንበሩ ነው»

የኢትዮጵያና የሱዳን ድንበር በሜይ 1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመ ውል የተሠመረ ነው፤ በ1903 የእንግሊዙ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬት ላይ ምልክት አደረገ። በምልክት አደራረጉ ላይ ያለው አለመግባባት እስከ ዛሬ አልበረደም። የአልፋሽቃ ለም መሬት የዚህ ጠብ ማዕከል ነው፤ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ የሱዳን ጦር ለዓመታት የኢትዮጵያ ገበሬ ሲያርሰው ወደ ቆየው መሬት ገብቷል። ስልክ ላይ ያለው ጥርት ያለ መስመር ይህን ሁሉ ታሪክ አይነግርም። የትኛው ጦር የት እንደቆመ፣ የትኛው ማሳ በማን እጅ እንዳለ አያሳይም።

በካርታ የድንበር መስመር የሚሳሳተው ሳሉግ ብቻ አይደለም። በ2010 የኒካራጓ ወታደሮች ኮስታሪካ የእኔ ነው በምትለው ደሴት ላይ ሲሰፍሩ አዛዡ ኤደን ፓስቶራ የጎግልን ካርታ እንደ ማስረጃ ጠቅሶ ነበር፤ ጎግል መስመሩ የተሳሳተ መሆኑን አምኖ አረመው። መንግሥትን ያሳሳተ መስመር ለአጨዳ የወረደን ወጣት ከእስር አያድንም። «ስልኬ ኢትዮጵያ ውስጥ ነህ ይለኛል» የሚለው መከራከሪያ በጠመንጃ ፊት ዋጋ የለውም። የትኛው ማሳ ደኅና እንደሆነ የሚያውቁት በዚያው ወቅት እዚያው ያጨዱት ናቸው።

«ስሙን ከጻፍኩ ያመጣዋል»

ሁልጊዜ አይደለም። ሾዋክን በፊደላችን ብትጽፉ ብዙ ጊዜ ምንም አይመጣም፤ ካርታው የያዘው የዐረብኛውን ስምና በላቲን ፊደል የተጻፈውን ነው፤ የላቲኑም አጻጻፍ ከካርታ ካርታ ይለያያል። ወንዙን ተከዜ ብላችሁ ከፈለጋችሁት ድንበሩ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሰቲት ነው። ከሁሉ የሚያምታታው ቁጥር ያላቸው መንደሮች ናቸው። በአስዋን ግድብ ምክንያት ከወዲ ሐልፋ የተነሡ ኑቢያውያን በ1960ዎቹ በሰፈሩበት በኒው ሐልፋ ዙሪያ ያሉ መንደሮች በቁጥር የሚጠሩ ናቸው። በ2020 መጨረሻ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች የተቀበሉበት አንዱ ቦታም «መንደር 8» ይባላል፤ ያ ግን ሌላ ቦታ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የሄደ የሚገኘው በተሳሳተው መንደር 8 ነው። መድኃኒቱ ኢንተርኔት ባለበት ሳላችሁ የምትሄዱበትን ቦታ በካርታው ላይ በዓይን አግኝቶ ምልክት ማድረግና በገባችሁ ቋንቋ ስም መስጠት ነው።

«አንዴ ካወረድኩት ጨረስኩ»

አልጨረሳችሁም። የጎግል ካርታ ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየው የመኪና መንገድ ብቻ ነው፤ የእግር መንገድ አያሰላም፤ ካልታደሰም ጊዜው ያልፍበትና ከስልኩ ይጠፋል። እነ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የእግሩንም ያሰላሉ፤ ሆኖም ያረጀ ካርታ ያረጀ ነው። ኡምራኩባን ተመልከቱ። በደርግ ዘመን ስደተኛ ያጥለቀለቀው መጠለያ በ2000 ተዘጋ፣ ሃያ ዓመት ሜዳ ሆኖ ቆየ፣ በኖቬምበር 2020 እንደገና ተከፈተ። በመካከሉ የተሣለ ካርታ እዚያ ሰው የለም ይላል።

«ባትሪ ይጨርሳል»

ባትሪውን በዋናነት የሚበላው ብርሃኑ ከፍ ተደርጎ ክፍት የተተወው ስክሪን ነው። ካርታውን ሲያስፈልግ ከፍቶ፣ ነጥቡን አይቶ፣ ስክሪኑን መዝጋት፤ ኔትወርክ በሌለበት ደግሞ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ይጠቅማል፤ ስልክ ምሰሶ ሲያጣ ያለ ዕረፍት እየፈለገ ይደክማልና። 

«መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካለ ካርታ ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ግማሽ እውነት ስላለበትም ጠንቀቅ ብሎ መመለስ ያሻል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር ሱዳን የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ካርታ አልነበራቸውም። በሌሊት፣ በመሪ እየተመሩ በእግር ተጉዘው ኡምራኩባና ገዳሪፍ አጠገብ ያለው ተዋዋ ገቡ፤ ከዚያም ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው የአየር ማጓጓዝ ወደ እስራኤል የተወሰዱ አሉ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት 4000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል። የታመነ መሪ ሕይወት አትርፏል፤ የሸሸ ወይም የከዳ መሪ ደግሞ ሰው አስጨርሷል። ያኔ ተጓዡ የትኛው ዓይነት መሪ እንደገጠመው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

በዚሁ ምድር ከ2010 ገደማ ጀምሮ የሆነው ደግሞ የከፋ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት እንደዘረዘረው፣ በምሥራቅ ሱዳን በካሰላ ዙሪያ የተያዙ ብዙ ኤርትራውያን በግብፅ ሲናይ ላሉ አጋቾች ተሸጠው ለማስለቀቂያ ገንዘብ ተሠቃይተዋል። ከእነዚህ ውስጥ «ወደ ካርቱም እንወስዳችኋለን» ወይም «ወደ መጠለያ ነው» ተብለው መኪና የወጡ ነበሩ። ሎሪው በተሸፈነበት፣ ሌሊት በሆነበት፣ ሰሜንና ደቡብ በማይለይበት ሜዳ ላይ ሰው መታለሉን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ካርታው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መንገድ እንዲመራችሁ ሳይሆን የሚመራችሁን ሰው እንድታውቁት ነው። ለዚህ የሚያምር ካርታ እንኳ አያስፈልግም፤ መተግበሪያው የሚያሳያቸው ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ወደ ሰሜን ስትሄዱ ያድጋል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ያድጋል። ጎንደር 12.6 እና 37.5 ገደማ ናት። መተማ 13 እና 36.2 ገደማ፤ ገዳሪፍ 14 እና 35.4፤ ሾዋክ 14.4 እና 35.9፤ ካሰላ 15.5 እና 36.4፤ ካርቱም 15.6 እና 32.5። እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከሾዋክ ተነሥታችሁ ወደ ገዳሪፍ ነው ከተባላችሁ ሁለቱም ቁጥሮች ማነስ አለባቸው። ሁለቱም ካደጉ ወደ ካሰላ እየሄዳችሁ ነው፣ ሹፌሩ ምንም ቢል። ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ከ35 እያነሰ መሄድ አለበት፤ ወደ 36 ከወጣ ካርቱም አይደለም።

አቅጣጫው የተሳሳተ መሆኑ ሲታወቅ መፍትሔው ስልኩን አውጥቶ ከሹፌር ወይም ከደላላ ጋር መሟገት አይደለም። መኪናው ለነዳጅ ወይም ለሻይ ሲቆም፣ ሰውና ሱቅ ባለበት ቦታ፣ መውረድ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደግሞ በተራ የጽሑፍ መልእክት ለዘመድ መላክ ይቻላል፤ ዳታ ጨርሶ በማይሠራበት፣ ኔትወርኩ አንዲት መስመር ብቻ ባለበት ቦታ እንኳ የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ጎንደር ያለች እናት ወይም ቶሮንቶ ያለ ወንድም ቁጥሮቹን ካርታ ላይ አስገብተው ልጃቸው የት እንዳለ በሜትር ያያሉ። ከመነሣታችሁ በፊት እነሱንም አስተምሩ፤ በየስንት ሰዓቱ እንደምትልኩ ተስማሙ፤ ቁጥሩ ከቀረ ወይም አቅጣጫውን ከሳተ ለማን እንደሚደውሉ አስቀድመው ይወቁ፤ የኮርና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ስልኮችም በዚያችው ወረቀት ላይ ይጻፉ።